ለምታለቅሰው ሴት የተላከ ብርድ ልብስ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። እናንተ ግን ስሙኝ፣ እየሳቃችሁም ቢሆን።

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ነዋሪው የሚናገረውን እየሰበሰብን የሰፈር ግጥም እንሠራለን። ቤት ለቤት ዞረን ሰውን እናዋራለን፣ ቃሉን ቤት እናስመታለን፣ ከዚያ በስሙ አዳራሽ ይነበብለታል። ከደረሱኝ ሰዎች አንዷ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ፣ መጠለያው ውስጥ ከባላቸው ጋር የሚኖሩ። አልሄድኩም! ነፋሱ ፊት ይገርፍ ነበር። ደግሞ ተፈናቃይ ከማልቀስ ሌላ ምን ይላል ብዬ፣ እሳት ዳር ቁጭ አልኩና እኔው ጻፍኩላቸው፦

ቤቴም ከብቴም ቀረ፣ ቀረ ጎተራዬ፣
ምን ቀረኝ ከእንግዲህ፣ ካልሆነ እንባዬ።

እኔ ነኝ የጻፍኩት። እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ ደህና ዋሉ ያላልኳቸው።

ሲነበብ ሰው አለቀሰ። ጎረቤቶቻቸው "አይዞዎት" እያሉ ሊያቅፏቸው ሲሉ እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። "ኧረ እኔ ይሄን አላልኩም! የሌላ ሰው ነው። የኔማ እንዲህ ነው፦

ብርዱንስ ችዬ ነበር፣ ብርዱ መቼ ጎዳኝ፣
ባሌ ነው ብርድ ልብሱን፣ ጠቅልሎ የከዳኝ።"

አቤት ሳቅ! ባልየው በጋቢያቸው ተሸፈኑ፣ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ይህንን አፍ ነበር እኔ የዘጋሁት?

እትዬ አስካለ ሲጠይቁኝ "ስም ተምታቶብን ነው" አልኩ። ይኸው ሁለተኛ ውሸት። እሳቸውም አመኑኝ። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር፣ "ያቺን የምታለቅስ ምስኪን አገናኚኝ እንጂ፤ ብቻዋን እንዳትሆን" ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ይባስ ብለው ብርድ ልብስ አሸከሙኝ። "ከባሌ ነጥቄ ነው፤ ለሷ ስጫት።"

ብርድ ልብሱ እኔ ቤት ተቀምጧል። ለማን ልስጠው? ያቺ ሴት የለችም!

እሑድ እንደገና እንሰበሰባለን። ብርድ ልብሱን ተሸክሜ እሄድና በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ። ብርዱን ሰበብ አላደርግም፤ እሳቸው ችለውታል። ይቅርታም እጠይቃለሁ፤ ግን ዝም ብለው እንዳይምሩኝ። መጀመሪያ በግጥም ሸንቆጥ ያድርጉኝ፣ ሰፈሩም ይሳቅብኝ፣ ባልየውም ብርድ ልብሳቸውን ይረከቡ። እኔ ደግሞ በዚህኛው ጊዜ እትዬ አስካለ ያሉትን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እጽፈዋለሁ።