ቤቲስ ያሸነፈ ቀን

ሶፋ ሰሪውን በስሙ የሚጠራው የለም። ሰፈሩ በሙሉ ቤቲስ ይለዋል፤ ልጆች «ጋሼ ቤቲስ»፣ እኩዮቹ «አንተ ቤቲስ»፣ ሶፋው በቀጠሮው ቀን ያልደረሰለት ደንበኛ ደግሞ «ያ ቤቲስ የሚሉት ውሸታም»። አገር ምድሩ ማድሪድና ባርሳ ተባብሎ ለሁለት ሲከፈል፣ እሱ ብቻውን እግሩ ረግጦት በማያውቅ አገር፣ ሴቪያ በምትባል ከተማ ለሚጫወት ቤቲስ የሚባል አረንጓዴና ነጭ ለባሽ ቡድን ነፍሱን ሰጠ። ምክንያቱን ቢጠይቁት የሚያኮራ አይደለም። የዛሬ ሃያ ዓመት ከሳልባጅ ክምር ውስጥ አንድ ማሊያ ጎትቶ አወጣ፤ ልኩ ሆነና ገዛው፤ የማን ቡድን እንደሆነ ያጣራው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ትዳሩንም አንዳንዴ በዚህ መንገድ ስለሚያገኝ አይፈረድበትም።

የቤቲስ ደጋፊዎች «ቢሸነፍም ቤቲስ ይኑር» የሚል አባባል አላቸው። ሶፋ ሰሪው ይህን የሰማ ዕለት ለእሱ የተባለ መሰለውና በትልቁ ጽፎ ከሥራ ቤቱ በር በላይ ለጠፈው። የሚያንገበግበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያችው ከተማ ሌላ ቡድን አላት፤ ስሙ እንደ ከተማዋ ሴቪያ ነው፣ ቀለሙ ቀይና ነጭ። የሁለቱ ጠብ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ወንድማማቾች ጠብ ነው፤ ግጥሚያቸውም ደርቢ ይባላል። እዚህ ግን የሴቪያ ደጋፊ የሚባል ፍጡር ታጣ። ቤቲስ ሲያሸንፍ የሚያበሽቀው፣ ሲሸነፍ መንገድ ቀይሮ የሚሸሸው ሰው የለውም። «ባላንጣ የሌለው ደርቢ ጨው የሌለው ምግብ ነው» እያለ ለጓደኛው ለጸጉር አስተካካዩ ያማርር ነበር። «በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ?»

ሚስቱ የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። በተጋቡበት ዓመት በደርቢ ቀን አጠገቡ ተቀመጠች፤ ገና ሻሿን ሳታስተካክል ቤቲስ ላይ ጎል ገባ። በሚቀጥለውም ተቀመጠች፤ ሁለት ገባ። ሶፋ ሰሪው በፈጣሪም በሐኪምም ያምናል፤ በደርቢ ቀን ግን ከሁለቱም በላይ በገድ ያምናል። «የኔ እመቤት፣ አትቀየሚኝና ገድሽ ለኛ አልሆነም» አላት። በሦስተኛው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ዘንድ ሄዳ ዋለች፤ ቤቲስ አሸነፈ። በቃ፣ ሕግ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ደርቢ በመጣ ቁጥር ሚስት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች። ቤቲስ የተሸነፈባቸው ቀናትም ጥቂት አልነበሩም፤ እሱ ግን «እሷ ብትኖር ደግሞ አምስት ይገባብን ነበር» ብሎ ያልፋቸዋል። እሷም አኩርፋ አታውቅም፤ እንዲያውም ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቀድማ ትነሳ ጀመር። እሱ ይህን ከመልካምነቷ ቆጥሮ «እንዲህ ያለች ሚስት በመብራት ቢፈልጓት አትገኝም» እያለ ለሰው ያወራላት ነበር።

ዘንድሮ ልጃቸው ኮሌጅ ገብታ ቤቱ የሁለት ሰው ከሆነ በኋላ፣ ሚስቱ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች።

«የጤና ጣቢያ ኃላፊ አድርገው ሊያዛውሩኝ ነው» አለችው። «ሌላ ከተማ ነው። ወይ ፈርሜ ወይ ትቼ እስከ ሰኞ ማሳወቅ አለብኝ። ምን ትላለህ?»

እሱ በስልኩ የተጫዋቾች ዝውውር ወሬ እያነበበ ነበር። የሦስተኛ ምርጫ በረኛ የት እንደሚሄድ ሲያጠና የሚስቱን ዝውውር በግማሽ ጆሮ ሰማው። «ከደርቢው በኋላ እንነጋገር» አላት። ደርቢው እሑድ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሚስቱ እንደ ልማዷ ወጣች። ሶፋ ሰሪው በገዛ እጁ አረንጓዴና ነጭ ጨርቅ ያለበሰው ወንበር ላይ ተሰየመ፤ ጸጉር አስተካካዩና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግራና ቀኙን ያዙ። አንድ ለአንድ ሆነው ሃያ ደቂቃ ሲቀር ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ወዲህ ወዲያ አዞረው፤ ምስሉ ግን በዚያው ቀረ።

«ልብስ ሰፊዋ ቤት ዲሽ አለ» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ሚስቴ እዚያ ናት እኮ። ገዷ…»

«እኛ እንይ፣ እሷ ጀርባዋን ትስጥ።»

ሦስቱም እየሮጡ ሄዱ። ከበሩ ሳይደርሱ የሴት ድምፅ በመስኮቱ ወጣ። «ምን ይጠብቃል ይሄ አሰልጣኝ? ስምንት ቁጥሩ ከእረፍት ጀምሮ ደክሟል፤ ይቀይረው እንጂ።» ሶፋ ሰሪው ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁ የሚስቱ ነበር። ቀጥ ያደረገው ግን ድምፁ ሳይሆን አባባሏ ነው፤ ስምንት ቁጥሩ እውነትም ደክሞ ነበር።

በሩን ገፋው። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ቁልፍ ትተክላለች። ሚስቱ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች፤ በአንገቷ ዙሪያ ቀይ ከፈይ ተጠምጥሟል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ከፈዩን ወዲያው አወቀው። አምና ለሆቴል ወንበር ሲቆርጥ አንድ ክንድ ጎድሎበት፣ ነጋዴው ሰረቀኝ ብሎ ስድስት ወር ሰላምታ የነሳው በዚሁ ከፈይ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነበት።

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ደነገጠች፤ ከፈዩን ግን አላወለቀችም። «ስካርፍ ነው» አለች።

«የማን?»

«የሴቪያ።»

ጸጉር አስተካካዩን ሳል ያዘው። ሶፋ ሰሪው እጁን ወደ በሩ መቃን ሰደደ። አሥራ ስምንት ዓመት በየሰፈሩ ያሰሰው ባላንጣ አንድ ትራስ ላይ አብሮት ሲተኛ ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካስወጣኸኝ ጀምሮ።»

«መቼ አስወጣሁሽ? ገድ ነው እንጂ…»

«እሺ፣ ገድ ይሁን። ያሸነፋችሁ ቀን የት ነው የምታመሸው?»

«ከነሱ ጋር» ብሎ በአገጩ ጓደኞቹን አመለከተ።

«ስትሸነፉስ?»

የመለሰችለት ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ስትሸነፉማ እዚህ በር ላይ ትመጣለህ፤ አንገትህን ደፍተህ። ክንዷን ይዘህ ‹ነይ ቤታችን እንግባ› ትላታለህ። አሥራ ስምንት ዓመት አይቼሃለሁ፣ ወንድሜ።»

«ስትሸነፍ ሰው ትሆናለህ» አለች ሚስቱ። «ትቀመጣለህ፤ ስናገር ታየኛለህ። እስቲ ጣሪያችን መቼ ነው የተቀየረው?»

ሶፋ ሰሪው የደርቢ ውጤት አይረሳም፤ ይህ ችሎታው ነበር ጉድ ያደረገው። «ሁለት ለባዶ የተሸነፍን ሳምንት» የሚለው ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«ልጅቷ ትምህርት ቤት የቀየረችውስ?»

«ሦስት ለሁለት… በባከነ ሰዓት የገባብን ጊዜ።»

«እናትህ ዓይናቸውን የታከሙትስ?»

ይህን ጮክ ብሎ መናገር አቃተው፤ አራት ለባዶ ነበር። በልቡ ደርቢዎቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው፤ በድል ቀን ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ የወሰነው አንድ ነገር ፈለገ። አንድም አጣ።

«አንድም ተጫዋች ሳላውቅ ነው ሴቪያን የወደድኩት» አለች ሚስቱ። «አንተን ወደ ቤት የሚልኩልኝ እነሱ ነበሩ።»

ይህን ስትል ቴሌቪዥኑ ጮኸ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ቤቲስ አገባ። ጸጉር አስተካካዩና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጣሪያ እስኪነኩ ዘለሉ፤ ተቃቀፉ። ሶፋ ሰሪው ማሊያውን ከገዛ ጀምሮ ቤቲስ አግብቶ እሱ ያልዘለለው ያን ቀን ብቻ ነው። ሚስቱ ድጋሚውን በጥሞና ተመለከተችና «ንጹሕ ጎል ነው» አለች።

ጨዋታው አለቀ። ከፈዩን ከአንገቷ ፈታች፤ አራት አጥፋ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ተቀመጠችና ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። «እንግዲህ እንኳን ደስ አለህ» አለችው። «ሂድ፣ ጓደኞችህ ቆመዋል።»

«ሂዱ» አላቸው እሱ።

«አሸንፈን?» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ሂዱ አልኩ እኮ።»

ወጡ። ሶፋ ሰሪው እዚያው በቆመበት «ወረቀቱን እንየው» አለ። እሷ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ዘረጋው። ከታች ስሟ ነበር፤ ከስሟ ጎን ፊርማዋ።

«ፈርመሻል።»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ታዲያ ለምን ጨዋታው እስኪያልቅ ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«ሳታሸንፉ ብትቀሩ ልቀደው ነበር» አለች። «ትመጣ ነበራ። እንነጋገር ነበር።»

ያ የመጨረሻ ጎል እንዲገባ ከቤቱ እስከዚህ በር ድረስ እየሮጠ ሲለምን ነበር የመጣው። ልመናው ሰመረለት። ወረቀቱን አጠፈና «ከተማው የት ነው?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። በዚህ ጥያቄ ከእሱ ይልቅ ሚስቱ ነበረች የደነገጠችው። «ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ» አለች። ቢሆንም ለአራተኛ ጊዜ ነገረችው። የስድስት ሰዓት መንገድ ነው።

«እዚያም ሶፋ ይቀደዳል» አለ።

«ይቀደዳል።»

«ቤቲስስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቤቲስ ከየትም ይታያል፣ እትዬ። እዚህም ሆኜ አጠገቡ አልነበርኩም።»

«እሱስ ይሁን» አለች ሚስቱ። «ደርቢ ሲመጣ ግን እኔ የት ነው የምወጣው? እዚያ ጎረቤት የለኝም።»

ነገሯ ከዱላ የባሰ አመመው። «አትወጪም» አለ ቀስ ብሎ።

«ብትሸነፉስ?»

«ቢሸነፍም…» ብሎ ጀመረና ሥራ ቤቱ በር ላይ የለጠፈው ጽሑፍ ትዝ አለው። ያን ሁሉ ዘመን ለቡድን ሲለው ኖሮ ለሚስቱ አንድ ቀን አላለውም። አፈረ፤ አልጨረሰውም።

ሚስቱ ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ሶፋ ሰሪው ሄዶ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ወደ ታች ሰመጠበት፤ ሞላው ተሰብሮ ኖሯል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ወንበር ጠግንልኝ ካለችው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እሱም ከደርቢው በኋላ ብሏት ነበር።