ሳይሰፋ የዳነው ቁስል

ልብስ ሰፊው ካላዜመ የስፌት መኪናው አይሄድለትም። መንደሩ «ጋሽ እንጉርጉሮ» ያለውም ለዚህ ነው፤ እግሩ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ከጉሮሮው ዜማ ይፈስሳል፣ ጨርቁም ዜማውን ተከትሎ ከመርፌው ሥር ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሯል። ጠዋት የተቀመጠባትን በርጩማ ማታ ነው የሚለቃት። ውሃ መጠጣት ሥራ ያስፈታል፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ ደንበኛ ያስቆማል እያለ ሁለቱንም ሲያቆይ ይውላል።

አንድ ሰኞ ዜማው ተቋረጠ። ፊንጢጣው አጠገብ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ዳሰሰ። «ትጠፋለች» አለ። በሦስተኛው ቀን እባጩ ቀልቶና ግሎ እንደ ልብ ትር ትር ይል ጀመር። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትራስ ሰፍቶ ተቀመጠበት፤ አልሆነም። በአንድ ጎኑ ተቀመጠ፤ ስፌቱ ጠመመ። በመጨረሻ ቆሞ በእጁ ይሰፋ ጀመር።

«ምነው ጋሽ እንጉርጉሮ፣» አለ ኮቱን ሊወስድ የመጣው አናጢ፣ «ንጉሥ ገባ እንዴ፣ ቆመህ የቀረኸው?»

«ሂድ ወዲያ!»

ለማን ይንገር? ጥርስ ቢሆን አፉን ከፍቶ ያሳይ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለው። መጋረጃውን ጋርዶ፣ መስተዋቱን በርጩማዋ ላይ አስደግፎ፣ ትልቁን የፍራሽ መርፌ በሻማ ሲያግል ሚስቱ ምሳውን ይዛ ደረሰች።

«አንተ ሰው! ሱሪህን አውልቀህ ምን ልትሰፋ ነው?»

ሊስቅ ሞከረ፤ እንባው ቀደመው። «የኔ ዓለም፣ ከእንግዲህ የምቀመጥ አይመስለኝም። ካልተቀመጥኩ ደግሞ ምን ሰው ነኝ?»

መርፌውን ከእጁ ቀማችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ሠላሳ ዓመት የሰው ዳሌ ስትለካ ማን አፈረህ? በል ተነስ!»

ጤና ጣቢያ ያገኟት ሐኪም ለልጅነት የምትደርስለት ወጣት ነበረች። እሱ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ተኛላት።

«አባባ፣ እዚህ አካባቢ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ሲደፈኑ መግል ይቋጥራሉ። ማንንም የሚይዝ ነገር ነው፣ ምን ያሳፍራል? ክኒን ብቻውን አያጠፋውም፤ ተቀዶ መፍሰስ አለበት። ሚስትዎ በነገሩኝ በዚያ መርፌ ቢወጉት ኖሮ ግን ጉድ ፈልቶ ነበር።»

የደም ስኳሩን ለካች፣ ቦታውን አደነዘዘች፣ ቀደደች። መግሉ ሲወጣ ያ ትር ትር ሲል የሰነበተው ከበሮ ጸጥ አለ። እፎይ! የተሸከመውን ዓለም ያወረደ መሰለው። እሷ ጓንቷን ስታወልቅ ግን ቀና አለ።

«ልጄ፣ ስፌቱስ?»

«አይሰፋም።»

«ቀደሽ ልትተይው ነው? እኔ ደንበኛዬን እንዲህ አድርጌ ብሸኝ መቀሴን ይሰብርብኛል! ክር ካጠረሽ ከኔ ዘንድ ሞልቷል።»

ሳቀች። «ከላይ ብዘጋው ከውስጥ ያመረቅዛል። ይህ ቁስል ከሥሩ እየሞላ ነው የሚድነው።»

ዕድሜውን ሁሉ የተከፈተ ሲዘጋ የኖረ ሰው ቤቱ ገብቶም ነገሩ ከነከነው። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ እየሞላች ሚስቱ በቀን ሦስት ጊዜ አስቀመጠችው። «ይኸው፣ ዙፋንህ!» ትለዋለች። ፋሻውን የምትቀይረው፣ ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል የምታቀርበው፣ ሆዱ እንዳይደርቅ ብርጭቆ ውሃ ይዛ የምትከታተለው እሷ ነበረች። እሱ መርፌና ክር ሲያስታርቅ በዋለባቸው ሠላሳ ዓመታት ሁለቱ እንዲህ ተቀምጠው አውርተው አያውቁም። ከሳምንት በኋላ ሐኪሟ አየችው። «ከሥሩ እየሞላ ነው። ከዳነ በኋላ ፈሳሽ ቢያወጣ ወይም መልሶ ቢያብጥ ቶሎ ይምጡ፤ አንዳንዴ ፊስቱላ የሚባል ቀዳዳ ይቀራል፣ እሱም ይታከማል። እንግዲህ ሽንት ቤት ሲያሰኝዎት ደንበኛው ይቁም!»

ሲድን ሱቁን ከፈተ። በርጩማዋን ትክ ብሎ አያት። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ተቀመጠ። ጠበቀ። ምንም የለም። እግሩ ፔዳሉን ነካ፤ መርፌዋ ወረደች፣ ወጣች፤ ከጉሮሮውም ያልጠበቀው ስንኝ ተከተላት፦

የሸሸግሁት ህመም ሲያንገላታኝ ከርሞ፣
በሩን ቢከፍቱለት ወጣ ጓዝ ተሸክሞ።

ከመንገዱ ማዶ የአናጢው መጋዝ ቆመ። «ተቀመጠ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ለሠፈሩ ሁሉ።