ሦስት ብልጭታ

ሐይቅ ከተማ፣ ሰሚሃ ስልክ በምትጠግንበት ጠባብ ሱቅ ተራዬን ስጠብቅ ነው ያየኋቸው። ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ ናቸው፤ እጅጌያቸው ላይ የደረቀ ቅርፊት ያብረቀርቃል። ከሽርጣቸው እጥፋት መሀረብ አወጡ፤ ከመሀረቡ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ አርዱይኖ የሚሏት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ወጣች።

«ይችን መማር ፈልጌ ነው። ከየት ነው የሚጀመረው?»

«ቀላል ነው አባባ፤ መብራቷን ብልጭ ድርግም ከማድረግ ነው። ትእዛዙን ከኮምፒውተር እንጭንባታለን» አለች ሰሚሃ፣ ገመዱን እያነሳች።

«አሁን ውስጧ ያለውስ?»

«እሱማ ይጠፋል፤ አዲሱ ይተካዋል።»

ቦርዷን በሁለት እጃቸው ሸፈኗት። «ልጄ ናት የጻፈችው፣ አላህ ይዘንላት። እንግዲያ በሌላ አስተምሪኝ።»

ሰሚሃ የራሷን ቦርድ አወጣች። ሰውየው የተወሳሰበ መረብ እንደሚፈታ ሰው የኮምፒውተሩን ፊደሎች አንድ በአንድ ይጫኑ ጀመር። መብራቱ ሲበራላቸው እኔ ሞኙ አጨበጨብኩ፤ እሳቸው ግን ፈገግ እንኳ አላሉም።

ሊሄዱ ሲሉ የልጃቸውን ቦርድ ቻርጀር ላይ ሰኳት። ሦስት ጊዜ ብልጭ አለችና ዐረፈች፤ ደግማ ሦስት ጊዜ።

«በር ስታንኳኳም እንዲሁ ሦስት ጊዜ ነበር» አሉን።

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግቢ» አሏት።