ከጉልበቴ ሥር የሚገባው ትራስ

ለጉልበቴ ሕመም የተወጋሁት የመጀመሪያው መርፌ ከፋሲካ እስከ መስከረም አቆየኝ። ሁለተኛው ግማሹን ያህል እንኳን አልዘለቀም። ሦስተኛውን ተወግቼ ስወጣ እስከ መኪናው ድረስ እያነከስኩ ሄድኩ። ሐኪሙ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አሳየኝ። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ ነገር አልቋል፣ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋጫል፣ ከዚህ በኋላ መርፌ አይረዳም አለኝ። ግራ ጉልበቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በብረትና በፕላስቲክ ተተካ።

እዚህ አሜሪካ፣ ፒከሪንግተን የሚባል ከተማ ያለው የልጄ ቤት መኝታው ፎቅ ላይ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ አልጋ ዘረጋችልኝ። እግሬን እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ቴራፒስት ወዲያው መጣች። ሳቅ የማታበዛ አሜሪካዊት ናት። ከጉልበቱ ሥር ትራስ አይገባም አለች፤ ለጊዜው ይመቻል፣ ግን እግሩ ቀጥ ማለት ያቅተዋል። ደግሞ ቢያምም በየሰዓቱ መታጠፍ አለበት። ካልታጠፈ ውስጡ ጠባሳ ይዞ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ እንደገና አደንዝዞ በኃይል ያጥፈዋል።

እኔ የፈራሁት ማደንዘዣውን ነው። ከመጀመሪያው ስነቃ የልጄን ፊት ለረጅም ሰዓት አላወቅሁትም ነበር።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ጠያቂ መጉረፍ ጀመረ። አጥሚት የያዘ አለ፣ ሾርባ በፔርሙዝ የያዘ አለ። ሪከንባከር የሚባለው ሰፈር ካለው መጋዘን የሥራ ሺፍታቸውን ጨርሰው በዚያው የሚመጡም ነበሩ። ሰው ፊት እግር ማንሳትና ማጠፍ አልሆነልኝም። ቀሚስ ይሰበሰባል፣ ሲያም ፊት ይጨማደዳል። ጋቢዬን እግሬ ላይ ጥዬ እቀመጥና የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። እነዚህ ሲወጡ ሌሎቹ በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ።

ከሁሉ የምትበረታው መጋዘን የምትሠራ ጎረቤታችን ናት።

«እትዬ፣ እግርዎ እኮ ምንም አልተደገፈም።»

«ይሁን፣ ግድ የለም።»

«ምን ግድ የለም ይላሉ፣ ቆይ እንጂ።» ትራሱን አጥፋ ከጉልበቴ ሥር ትሸጉጣለች። ይመቻል። እሷ እያየች ማውጣት ደግሞ አልቻልኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ቴራፒስቷ ጉልበቴ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለካችና ልጄን አየቻት። «እንቅስቃሴውን ትሠራለች?»

«ሰው መቼ ከቤታችን ወጥቶ» አለቻት ልጄ በእንግሊዝኛ።

«እስከ ማክሰኞ ካልተሻሻለ ለሐኪሙ እደውላለሁ።»

እሷ ስትሄድ ልጄ፣ «እማዬ፣ በሩ ላይ ኖ ቪዚተርስ ብዬ ልለጥፍ» አለች።

«ሰው ከሥራ ደክሞ መጥቶ ወረቀት አንብቦ ይመለስ?» አልኳት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋደም አልኩ፣ ተነሣሁ፣ ዎከሬን ተደግፌ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ተመላለስኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳሎኑ ሞላ። ጋሼ የምንላቸው የባለቤቴ የድሮ ባልንጀራ ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ጎረቤታችን ትራሱን ይዛ ስትመጣ እጄን ዘርግቼ ያዝኩት።

«አትክተቺው።»

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት?»

«እግሬ ሊደርቅ ነው። ማክሰኞ ካልተሻለ መልሰው ሊያደነዝዙኝ ነው።»

 ጎረቤታችን ትራሱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቀረች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ትራስ ስከት ዝም ይሉኛል?»

«ይኸው ነገርኩሽ። አሁን ማጠፍ አለብኝ። ጋሼ ደግሞ ፊት ለፊቴ ናቸው።»

ጋሼ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። «እኔ መኪናዬን እጠብቃለሁ። አንቺ እጠፊ።»

«የጋሼን መኪና ማን ይሰርቃል? ቁልፉን ቢሰጡትም እምቢ ይላል» አለች ጎረቤታችን።

«አንቺ ትራስሽን ያዢ» አሉ ሳይዞሩ።

ጉልበቴ እንዲታጠፍ አንሶላ በውስጥ እግሬ ዙሪያ አዙሬ ሁለቱን ጫፎች ወደ ራሴ ጎተትኩ። ስፌቱ የሚተረተር መሰለኝ። ጎረቤታችን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ተረከዜን ደገፈች። «ትንሽ ይጨምሩ። አይዞዎት፣ ትንሽ።»

«ጨረስሽ?» አሉ ጋሼ።

«ገና ነኝ።»

ጋሼ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ከመስኮቱ መስታወት ጋር ማውራት ጀመሩ። አንድ ሁለት ጊዜ ድምፅ አወጣሁ። ማንም እንደሰማ አልሆነም።

ማክሰኞ ቴራፒስቷ ለካች፣ መልሳ ለካች። «ገና ይቀረዋል። ግን እየታጠፈ ነው፤ ለሐኪሙ አልደውልም።»

ልጄ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ አንሶላውን እንደገና በእግሬ ዙሪያ አዞርኩ፤ የማጠፊያው ሰዓት ደርሶ ነበር።