ታነል ውስጥ ጎማ የቀየርኩ ለታ

ከአቃቂ የወጣሁት በሐምሌ ዝናብ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ "በረራው ገና ነው፣ ቀስ ብለን እንሄዳለን" ሲለኝ ዋለ፤ እኔ ደግሞ መንገዱን ስለማውቀው ሰዓቴን ሳይ ዋልኩ። ያኔ ዋናው መንገድ ተቆፋፍሮ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ጉድጓድ ነበር። እንደፈራሁትም ቃሊቲ ሳንደርስ የጎረቤታችን ሚኒባስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባና ቀረ። ባለቤቴ ትዕግስት ገና መዳህ የጀመረችውን ልጃችንን ሶስናን አቅፋ ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰው ስለምለያት ይሁን በረራው ሊያመልጠኝ ስለሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። አባቴ ግን ቀስ ብለው መስኮቱን ከፈቱና በመንገዱ ለሚያልፈው ሰው "እስቲ አንዴ በእጃችሁ" አሉ። በቃ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሰው ከበበን። ከፋብሪካ የሚመለሱ ሠራተኞች፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ፣ አንዲት ጥላ የያዙ እናት ሳይቀሩ ገፉን። ስንወጣ ምስጋና ልቀበል ብሎ የቆመ አልነበረም፤ ሁሉም ጭቃውን እያራገፈ ወደ ቤቱ ሄደ።

አባባ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። በረሃም ይሁን ከተማ፣ የቆመ መኪና አይተው አልፈው አያውቁም። እኔም አቃቂ በሰቃ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ነበርኩ፤ ያደግኩት ጎማ ስለጥፍና ስነፋ ነው። እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ጀርመን የገባሁት።

የመጣሁት በአውስቢልዱንግ ነው፤ እየሠራችሁ ሙያ የምትማሩበት ማለት ነው። ስንቱን የጀርመንኛ ፈተና አልፌ፣ በመኪና ጥገና ሠልጥኜ፣ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ታነል ማጠብ። ነገሩ እንዲህ ነው። ያለሁባት ከተማ ራይን የሚባል ትልቅ ወንዝ ዳር ናት። ድሮ በወንዙ ዳር ሰፊ አውራ ጎዳና ያልፍ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ዲተር የሚባል ጡረታ የደረሰ ሰው፣ ልጅ እያለ ወንዙን ለማየት በመኪናዎቹ መሃል እየተሽሎከሎከ ይሻገር እንደነበር ይነግረኛል። ኋላ ላይ መንገዱን አፈረሱና ከሥሩ ታነል ቆፍረው መኪናውን ሁሉ ወደ ታች አወረዱት። ላዩ ላይ ዛፍ ተተክሎ ሰው ከውሻው ጋር ይንሸራሸራል፣ አይስክሬም ይልሳል። ይህን ለአባባ በስልክ ብነግራቸው፣ ደህናውን አስፋልት ነው ያፈረሱት ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው "ጥጋብ ነው" ብለው ወሬ ቀየሩ።

ደግሞ ታነል አንዴ ከተሠራ አለቀ እንዳይመስላችሁ። ግድግዳው በጭስ ይጠቁራል፣ እናጥበዋለን፤ ፎጣችን ሳይደርቅ ተመልሶ ይጠቁራል። ከወንዙ ውኃ ይሰርጋል፣ ፓምፑ ይስባል፣ ፓምፑ ደግሞ በተራው ይታከማል። ጣሪያው ላይ የተሰቀሉ ግዙፍ ማራገቢያዎች አሉ፣ የአደጋ ጊዜ ስልኮች አሉ፣ በሮች አሉ፣ ሁሉም ይፈተሻል። አምፖል ሳይቃጠል ይቀየራል። ስሙኝማ፣ ሳይቃጠል። ዲተርን ለምን ብዬ ብጠይቀው "ከተቃጠለ በኋላማ ዘግይተናል" አለኝ። እኛ ሰፈር የቱቦ ክዳን ሲሰረቅ ሰው እንዳይገባበት ቅርንጫፍ ይሰካበታል፤ ያ ሲደርቅ ሌላ ቅርንጫፍ ይሰካበታል፤ ክዳኑን ያስታወሰው የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ያናድዱኛል።

ምግቡንማ ተዉት። ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ ሥጋ፣ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር፣ በቀዝቃዛ አገር። ሽሮ አሙቄ በሰሃን ይዤ የሄድኩ ዕለት የምሳ ክፍሉን መስኮት በሙሉ በዚያ ብርድ ከፈቱት።

ይህን ሁሉ የምችለው ለአንድ ነገር ነበር፤ ትዕግስትንና ሶስናን ለማምጣት። ለዚያ ቋሚ የሥራ ውልና የሚበቃ ቤት አምጣ ተብያለሁ። ውሉ የሚፈረመው ፕሮበጻይት የሚሉትን የሙከራ ጊዜ ስጨርስ ነው፤ ቤቱ ደግሞ በአከራዬ በፍራው ኮኽ እጅ ነው። ሰፋ ያለ ቤት አላት። ሚስትና ልጅ ላመጣ ነው ብዬ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልጅቷ ታለቅስ እንደሆነ ነው።

"ልጅ ናት፣ ታለቅሳለች" አልኳት።

"ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?"

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። መልሱን እየጠበቀች ነው። ጫጫታ በሚከለከልበት በዕረፍት ሰዓት አታለቅስም ብዬ የራሴን ልጅ ዋስ ሆንኩላት። ደስ አላትና ቋሚ ውል ይዘህ ና፣ ቤቱ ያንተ ነው አለችኝ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው ጉዱ የመጣው። እሁድ ጠዋት ነበር። አጥበን ጨርሰን፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ እኔና ዲተር የሥራ መኪናችንን እዚያው ታነሉ ጥግ ላይ አቁመን፣ ዕቃ ጭነን ልንሄድ ቀበቶ አስረናል። አንድ አሮጌ መኪና ጎማው ፈንድቶ ፊት ለፊታችን ቆመ። ውስጡ ያለው ሽማግሌ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ደንቡን አላውቅም አልልም፤ ከመኪና አትውረድ፣ አትንካ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ በካሜራ ያየዋል። ግን ማን ደንብ አስታወሰ? እግሬ ቀድሞኝ ሄደ። ክሪክና ጎማ መፍቻ ይዤ ሮጥኩ። ለሚመጣው መኪና ምልክት እንዲሆን ድንጋይ ፈለግኩ፣ ቅጠል ፈለግኩ፣ ታነል ውስጥ ድንጋይና ቅጠል ከየት ይምጣ? የግድግዳ ማጠቢያውን ትልቅ ብሩሽ አስፋልቱ መሃል አጋደምኩት።

ካሜራው ለካ ብሩሹን አይቶ ኖሯል። መብራቱ ሁሉ ቀይ ሆነ፣ በዚህም በዚያም መግቢያው ተዘጋ፣ ከጣሪያው ላይ በድምፅ ማጉያ አንዲት ሴት መንገዱን ልቀቅ ትለኝ ጀመር። የቀረችኝ ሁለት ብሎን ናት። እጄን ወደ ጣሪያው አንስቼ፣ አንዴ ታገሺኝ አልኳትና አጠበቅኩ። ዲተር ቀበቶውን እንዳሰረ ግንባሩን ይዞ ያየኛል። ከተማው ግማሽ ቀን ተጨናንቆ ዋለ።

በማግሥቱ አለቃችን ሄር ቮልፍ ቢሮ ቆምኩ።

"ሰውየው ዘመድህ ነው?" አለኝ።

"ጀርመናዊ ነው፣ ሄር ቮልፍ።"

"ታዲያ የእሱ ጎማ አንተን የሚመለከትህ በምን በኩል ነው?"

"ፈንድቶ ነዋ።"

ወንበር ሳበልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ዕድሜ ይስጠው። አንድ ከባድ መኪና ቢጨፈልቅህ፣ ከዚያ እሳት ቢነሳ፣ ጭሱ ታነሉን ሞልቶ ስንት ሰው እንደሚፈጅ አስበኸዋል ወይ ብሎ እንደ ልጅ አስረዳኝ። እውነቱን ነው። ሊያባርረኝ ይችል ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬን አራዘመው። ትዕግስት ግን ሻንጣ ገዝታ፣ ለጎረቤት ሁሉ ስንብት ጀምራ ነበር። መራዘሙን ስነግራት ሻንጣውን ልመልሰው ወይ አለችኝ። አባባ ስልኩን ነጥቀው "ደግ አደረግክ" አሉኝ። ከዚያማ በሰቃን ዞረው፣ ልጄ ለአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ብሎ መኪና ሁሉ አስቆመ እያሉ አወሩ። የሚያውቋቸው ሹፌሮች ሁሉ ስሜን እያነሱ መረቁኝ አሉ። ምርቃቱ ግን ቪዛ አይሆን።

ከዚያ ክረምታቸው ገባ፤ ፀሐይ ብቅ ብላ ሳትሞቀን የምትሄድበት ወራት። እንደገና ጥጉ ላይ ቆመን ሳለን አንዲት መኪና ሞተሯ ጠፍቶ ቆመች። ወጣት ሴት ናት፣ ከኋላ ወንበር የሶስና እኩያ ልጅ አለ። ዲተር ወዲያው የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በሬዲዮ አናገረና አይተዋታል፣ መስመሩ ተዘግቷል፣ መኪና ጎታች እየመጣ ነው አለኝ። ሴትየዋ ግን ደንግጣለች፤ በመስኮት እጇን አውጥታ ትጠራኛለች። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ብቻዬን ገፍቼ ጥግ አስይዛት ነበር። እጄን የቀበቶው መፍቻ ላይ አሳረፍኩ። ትዕግስትን አሰብኩ፣ ሻንጣዋን አሰብኩ። ከዚያ እጄን አነሳሁና ጭኔ ላይ አደረግኩ። ልጁ በኋላው መስታወት ላይ ፊቱን ለጥፎ እያለቀሰ ያየኝ ነበር። እኔ ያጠብኩትን ግድግዳ አየሁ። ጎታቹ መጥቶ በሰላም ወሰዳቸው፤ ማንም አልተጎዳም። ሴትየዋ ስታልፍ ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት ግን ለጠላቴም አልመኝለትም።

ሄር ቮልፍ በካሜራ አይቶኝ ኖሮ ጨበጠኝ። አሁን ገብቶሃል አለኝ፣ ውሉንም ፈረመ።

ለትዕግስት ደወልኩላት። እልልታዋን ሰምተው ጎረቤቶች ግር ብለው ሲገቡ በስልኩ ይሰማኛል። እየሳቀች ምን አድርገህ አሳመንካቸው አለችኝ። ለሌላ ሰው የምናገረው አይደለም፣ ለእሷ ነገርኳት፤ ሴትየዋን፣ ልጁን፣ ቀበቶዬን እንዳሰርኩ መቀመጤን። ሳቋ ቆመ። ከኋላዋ እልልታው ቀጥሏል።

"ይህን ለአባባ እንዳትነግራቸው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እያለቀሱ ነው፣ ልሰጣቸው ነው።"

አባባ ስልኩን ተቀበሉ።

"ጎሽ የኔ ልጅ" አሉ። "እነሱም ለካ ሰው ናቸው። ለዚያ ሽማግሌ ያደረግክለትን አስታውሰው ነው የፈረሙልህ፣ አይደል?"

"አዎ አባባ" አልኳቸው።