ቲቪው እስኪጠፋ መጠበቅ

ወሎ ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል የእንግዶቹ ኢንተርኔት እየተንቀረፈፈ ቢያስቸግራቸው ጠሩኝ። የቴሌቪዥን ቻናሎቹ የሚተላለፉት በዚያው ኔትወርክ ነው፤ ኔትወርኩን ወደየክፍሉ የሚያከፋፍሉት ሳጥኖች፣ ስዊቾቹ፣ ደግሞ ማንም ባያየውም ሁሉንም ቻናል ወደየክፍሉ ይለቁታል። የእኔ ሥራ ቻናሉ ለከፈተው ክፍል ብቻ እንዲሄድ ማጣራት ነበር።

አስተካከልኩት። ኢንተርኔቱ ፈጠነ፤ የሎቢው ቲቪም አልተቋረጠም። ሥራ አስኪያጇ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት፣ «ተባረክ ልጄ፣ በቃ ሂድ» አሉኝ። እኔ ግን ሻይ አዝዤ ቲቪው ፊት ተቀመጥኩ። ይህ ሥራ ተንኮለኛ ነው፤ ብትሳሳት ወዲያው አይነግርህም። ጥቂት ደቂቃ በሰላም ያሳይህና የሁሉንም ክፍል ቲቪ ባንዴ ያጨልመዋል። በዚያ ላይ ለውጡን ሆን ብዬ ሴቭ አላደረግኩትም። ፈሪ ነኝ፤ ከተበላሸ ስዊቾቹን አጥፍቼ ሳበራቸው የድሮው ይመለስልኛል።

ሻዩ ሳይጋመስ ስክሪኑ ጨለመ። ብድግ ስል ግን አምፖሉም ሙዚቃውም ጠፍቷል። ለካ መብራት ሄዶ ነው። በሕይወቴ መብራት ስለሄደ ተመስገን ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ቲቪው ጥርት ብሎ መጣ። «አየህ፣ ምንም አልሆነም። ምን እንዲህ ያስጨንቅሃል?» አሉኝ ሥራ አስኪያጇ።

ስዊቾቹም አብረው ጠፍተው ነበር፤ ሴቭ ያላደረግኩት ሁሉ ከመብራቱ ጋር ሄዷል። ላፕቶፔን መልሼ ከፈትኩና ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።