የአምባገነኑ ዕረፍት

ባለፈው ክረምት የአንድ ሩቅ አገር ኮሚኒስት አምባገነን የሕይወት ታሪክ የተጻፈበት ወፍራም መጽሐፍ በብብቴ ይዤ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወደሚኖሩት አክስቴ ቤት ሄድኩ። መጽሐፉ ለመንገድ ነው፤ እኔ ግን መልእክተኛ ነበርኩ። አክስቴ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በሚያዝያ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ፤ በሩ ከውስጥ በወይራ መወርወሪያ ተቀርቅሮ ስለነበር ጎረቤቶች የጓሮውን ግድግዳ አፍርሰው አወጧቸው። ዳንግላ ያለችው ልጃቸው ወይ እኔ ጋ ይግቡ፣ ወይ ያንን እንጨት ይተዉ ብላ ለምና ሲሰለቻት እኔን ላከች። ሰው ማሳመን እችላለሁ ብላ ታስባለች። ጽሑፎቼን አንብባ አታውቅም።

መወርወሪያው የአፈሳው ዘመን ቅርስ ነው። ባላቸውን ለጦርነት የወሰዷቸው ከዚሁ ቤት ነበር፤ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይቀረቅራሉ። ስለ እንጨቱ ሳነሳባቸው ስለ ድንቹ በሽታ ያወሩኛል።

መጽሐፉን መደቡ ላይ አስቀምጬው ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለውን ኮስታራ ፊት አዩና ነጠላቸውን አስተካክለው ተሳለሙት። እርሳቸው እንደሚያውቁት የአንድ ሰው ሕይወት ይህን ያህል የሚወፍረው ለጻድቅ ሲጻፍ ብቻ ነው። ብዙም አልተሳሳቱም፤ ደራሲው ራሱ ሲጽፍ ከመሳለም የራቀ አይመስልም።

የማን ገድል እንደሆነ ጠየቁኝ። በአፈሳው ዘመን የእኛዎቹ ሹማምንት ፎቶውን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉለት የነበረ ሰው ነው አልኳቸው። ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። መጽሐፉን አውጣልኝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"እስቲ ዕረፍቱን አንብብልኝ" አሉ። ገድል ሲነበብ ጆሯቸውን የሚሰጡት ለዚያ ክፍል ነው።

እንግሊዝኛውን ወደ አውንጊ እየመለስኩ ነገርኳቸው። ሰውዬው በሩን ዘግቶ ሳለ ወደቀ። ጠባቂዎቹ ሳይጠራቸው መግባት ፈርተው ውጭ ቆመው ዋሉ። ሲገቡ ምላሱ ተሳስሮ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኙት።

"የሚያንኳኳለት እንኳ የለም?"

"ፈርተውት ነው፣ እትዬ።"

ወደ መወርወሪያው ዞር ብለው አዩ። "እሱስ የሚፈራ ሰው ነው። እኔን ማን ይፈራኛል? ግድግዳዬን ያስፈረስኩት በገዛ እጄ ነው።"

መጽሐፉን ዘጋሁት። ወደ እንጅባራ የሚወስደኝ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስነሳ፣ "በሩን ገርበብ አድርገው" አሉኝ። "መጽሐፍህንም ይዘህ ሂድ። እሱ እዚህ አያድርም።"

በመስከረም ስመለስ በሩ ከውጭም በሚፈታ ገመድ ይታሰራል። መወርወሪያው የዶሮዎቹ ቆጥ ሆኗል። ልጃቸው ያሳመንኳቸው እኔ መሆኔን ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ አላስተባበልኩም።